ልጆች ሲጣሉ ዳኛ ወይስ ሽማግሌ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ በሚገኝ አንድ አፀደ ሕፃናት ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ የራሴም ሦስት ልጆች አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ልጆቻቸውን ሊወስዱ በር ላይ ከሚቆሙት ወላጆች መካከል ስለ ፊደልና ስለ ቁጥር የሚጠይቁኝ ጥቂት ናቸው። «ቤት ውስጥ እርስ በርሳቸው አልስማማ አሉ፤ ምን ይሻለኛል?» የሚሉት ይበዛሉ። ከዚህ በታች ያሉት በዚያ በር ላይ ደጋግመው የቀረቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ በአብዛኛው ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆኑ ናቸው።

ልጆቼ ሳይጣሉ የሚያልፍ ሰዓት የለም። የእኔ ቤት ብቻ ነው እንዲህ?

አይደለም። ጓደኛ ይመረጣል፤ ወንድምና እህት ግን ተመርጠው አይመጡም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና አንዱ ጩኸት የማይሰለቸው፣ ሌላዋ ጥግ ይዛ መቀመጥ የምትወድ ሆነው ይወለዳሉ። እነዚህን ሁለት ፍጥረቶች በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ፣ በአንዲት እናት ጭን ላይ ካገናኙ በኋላ ጠብ መኖሩ ሊገርም አይገባም። እንዲያውም ፈጽሞ የማይጣሉ ልጆች ባሉበት ቤት አንዳንድ ጊዜ አንደኛው ፈርቶ ዝም ብሏል።

መፍትሔ ከመፈለግዎ በፊት አንድ ሳምንት ብቻ ልብ ብለው ይመልከቱ። መቼ ነው የሚጣሉት? እኔ ቤት አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ከምሳ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓትና እኔ ከሥራ ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ባለችው ቅጽበት ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው ረሃብ ነው፤ ምሳውን ትንሽ ሳስቀድመው ቀነሰ። ሁለተኛው ናፍቆት ነው። ገብቼ በቀጥታ ወደ ማጀት መሮጤን ትቼ አሥር ደቂቃ ያህል ቁጭ ብዬ ሳቅፋቸው የማታው ጠብ ያለ ምንም ምክር ግማሹ ጠፋ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ትልቁም ሰው ይነጫነጫል፤ ልጅማ ምን ይበል!

በየትኛው ጠብ ልግባ፣ የትኛውን ልተው?

በቃል ብቻ ሲነታረኩ ጆሮዎን ጣል አድርገው ሥራዎን ይቀጥሉ። ድምፁ ከፍ ካለ ቀረብ ብለው ይታዩ፤ ግን አይናገሩ። ብዙ ጊዜ የትልቅ ሰው ጥላ ማየታቸው ይበቃል። እጅ፣ ጥርስ፣ ድንጋይ ወይም ዱላ ከተነሣ መጀመሪያ ያላቅቁ፤ ጥያቄው በኋላ ይደርሳል። ከሰል ምድጃ አጠገብ፣ ባጃጅ በሚያልፍበት መንገድ ዳርና በሐይቁ ዳርቻ ግን ሽምግልናም ምክርም የለም፤ ብድግ አድርገው ይዘዋቸው ይሂዱ። ጣና ዳር በአንድ ጫማ የተጀመረ መገፋፋት የት እንደሚያበቃ አይታወቅም።

አንዱ «እሷ ናት የጀመረችው» ሲል ሌላዋ «እሱ ነው» ትላለች። ማንን ልመን?

ማንንም። ለእሱ ጠቡ የተጀመረው አሁን እርሳሱ ሲነጠቅ ነው። ለእሷ የተጀመረው ጠዋት ብስኩቷ ሲበላ ነው። ሁለቱም አልዋሹም፤ የሚናገሩት የየራሳቸውን መጀመሪያ ነው። እርስዎ ደግሞ ማጀት ውስጥ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ስለነበር የትኛውንም አላዩም።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ወላጆች ዳኛ ለመሆን የተዘጋጁ ናቸው። ዳኛ ማስረጃ ሰምቶ ይፈርዳል፤ አንዱ ይረታል፣ ሌላው ይሸነፋል። የተረታው ቂም ይዞ ይወጣል፤ የረታው ደግሞ መክሰስ እንደሚያዋጣ ተምሮ ነገ ሌላ ክስ ይዞ ይመጣል። ሽማግሌ ሥራው ሌላ ነው። ነገሩን ያበርዳል፣ ሁለቱን ወገን ተራ በተራ ያናግራል፣ የአንዱን ቃል ለሌላው ጆሮ ያደርሳል፣ መታረቂያውንም ከራሳቸው አፍ ያወጣል። የእርሻ ወሰን ጠብ ሲነሣ፣ ባልና ሚስት ሲቀያየሙ ይህን እናውቅበታለን። ልጆቻችን ጋ ስንደርስ ምን እንደሚነካን እንጃ፤ ሁላችንም ዳኛ፣ ሲብስም ፖሊስ እንሆናለን።

በካናዳ ጁሊ ስሚዝና ሂልዲ ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከ5 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው ልጆች ያሏቸውን ወላጆች ይህንኑ የመሰለ ነገር አሠልጥነው ነበር፦ የመነጋገሪያ ደንብ ማስያዝ፣ የጠቡን ነጥብ ለይቶ ማውጣት፣ አንዱ የሌላውን ስሜት እንዲረዳ ማድረግ፣ መፍትሔውን ለልጆቹ መተው። ሥልጠናውን የወሰዱት ወላጆች ልጆች ካልወሰዱት ወላጆች ልጆች በተሻለ ሁኔታ ሲደራደሩና የሌላውን ወገን ሐሳብ ሲረዱ ተገኝተዋል። ጥናቱን ሳነብ ሳቄ መጣ። አያቴ ይህን ሁሉ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ያለ ምንም ሥልጠና ይሠሩት ነበር።

ሽምግልናው ታዲያ በተግባር እንዴት ነው?

ከቤቴ ልጀምር። አንዲት ብስክሌት አለችን፤ የሰባት ዓመቱ ወንድ ልጄና የአምስት ዓመቷ ሴት ልጄ ይጋሯታል። አንድ ቅዳሜ ጩኸት ሰምቼ ስወጣ እሱ መሪውን ይዟል፣ እሷ ከኋላ ኮርቻውን በሁለት እጇ አንቃለች፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ብስክሌቷን ወስጄ ግድግዳ ላይ አስደገፍኋት። ለጊዜው የማንም አይደለችም። ውሃ ሰጠኋቸውና ደረጃው ላይ ተቀመጥን።

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። የጣና ታንኳ ስትውል ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፤ ከሐይቁ ስትወጣ ቀጥ አድርገው አቁመው ያደርቋታል፤ ሳትደርቅ ብትመለስ ትከብዳለች። የተናደደ ልጅም እንባው ሳይደርቅ ወደ ንግግር ቢገባ ትርፉ መስመጥ ነው።

ሲረጋጉ አንድ ደንብ ብቻ ተናገርኩ፦ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ታናሿ ቀደመች፤ ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ እሷ የሚተርፋት ቃል የለም።

«ተራዬ ነበር!» አለች።

ወደ እሱ ዞሬ «ምን አለች?» አልኩት።

«ውሸቷን ነው።»

«እውነት ነው ወይስ ውሸት ነው ብዬ አልጠየቅሁህም። ምን አለች?»

ትንሽ ቆየና «ተራዋ እንደነበረ» አለ።

ተራው የእሱ ሆነ። «እኔ የነዳሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ወልቆብኝ ሳስተካክል ነው የቆየሁት።» እሷን ምን እንዳለ ጠየቅኋት። «ሰንሰለቱ... ወልቆበት» አለች፤ ይህን ስትል ፊቷ ተለወጠ። ጎንበስ ብሎ ብስክሌቷን ሲነካካ ያየችው ሆን ብሎ ተራዋን ሲበላ መስሏት ነበር። እጁ ላይ ያለውን ግራሶ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» ብዬ ዝም አልኩ። ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይህ ዝምታ ነው፤ መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እሱ «አምስት አምስት ደቂቃ» አለ። ለአምስት ዓመት ልጅ ደቂቃ ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ እምቢ አለች። የእሷ ሐሳብ «እስከ ሦስተኛው ዘንባባ ደርሶ መልስ» የሚል ነበር። ሁለቱም በዓይናቸው የሚያዩት ልክ ስለሆነ ጸና። «ሰንሰለት ከወለቀ አይቆጠርም» የሚለውን አንቀጽ የጨመረው እሱ ነው።

ሁሉም ነገር ሰባት ደቂቃ ያህል ፈጀ። «ለዚህ ማን ጊዜ አለው?» የሚሉኝ አሉ። ስድስት ጊዜ ተነሥቶ መጮህም ጊዜ ይበላል።

አራት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ ግን ልጅ የሌላ ሰው ሐሳብ ከራሱ ሐሳብ እንደሚለይ በቅጡ አይገባውም። ለእሱ «ምን አለች?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። በእሱ ፈንታ እርስዎ ይናገሩለት፦ «እህትህ የሠራችው ቤት ስለፈረሰባት ነው የምታለቅሰው።» አጭር ይሁን። ሁለት ዓመት ላለው ደግሞ ይህም ይቅር፤ ዕቃውን ወስደው ሌላ ነገር ያሳዩት።

እኩል ካካፈልኩ ፍትሕ ነው። ከዚያ በላይ ምን ላድርግ?

ሸንኮራ አገዳ ለሁለት ልጆች አካፍለው ያውቃሉ? መሐል ለመሐል ይቆርጡታል፣ ርዝመቱ እኩል ይሆናል፣ አንዱ ግን ያለቅሳል። ያለቀሰውም ልጅ ትክክል ነው። አገዳ የሚጣፍጠው ወደ ሥሩ በኩል ነው፤ ጫፉ ውሃ ውሃ ይላል።

እኔ መቁረጡን ለአንዱ፣ መምረጡን ለሌላው እሰጣለሁ። ልጄ ቢላ ለመያዝ ገና ስለሆነ በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔ እቆርጣለሁ። የመጀመሪያ ቀን ልክ ከመሐሉ አስቆረጠኝ። እህቱ ሳታመነታ የሥሩን አነሣች፤ ጫፉን እያኘከ ሲያኮርፍ ዋለ። በሚቀጥለው ጊዜ አገዳውን አጋድሞ ረጅም ጊዜ ተመለከተውና የሥሩን በኩል ሦስት አንጓ፣ የጫፉን አምስት አንጓ አድርጎ አሳየኝ። እህቱ የቱን እንደምትወስድ ግራ ገባት። እኔ ለሃያ ደቂቃ ብመክረው ይህን አላስተምረውም ነበር።

የበዓል ዶሮም እንዲሁ ናት። አሥራ ሁለት ብልት ይወጣታል፤ ፈረሰኛው ለማን፣ ቅልጥሙ ለማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ማንም በሚዛን አይመዝንም። ልጆችን የሚያስቆጣቸው የብዛቱ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱ አለመነገሩ ነው። «ለወንድምሽ ጫማ የተገዛለት የቀድሞው ስለጠበበው ነው፤ ያንቺ ሲጠብ ላንቺ ይገዛል» ማለት ይበቃል፤ ሲጠብ በእርግጥ ከገዙላት።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ኧርንስት ፌርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 በስዊዘርላንድ ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች አብዛኞቹ ለራሳቸው ሲያደሉ፣ ከ7 እስከ 8 ዓመት ያሉት ግን በብዛት እኩልነትን መርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሰባት አገሮች ያሉ ልጆችን ተመልክቷል። «ለእኔ አነሰኝ» ብሎ መቃወም በሰባቱም ታየ። «ለእኔ በዛ» ብሎ አለመቀበል ግን የታየው በካናዳ፣ በአሜሪካና በዑጋንዳ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ለማንም ልጅ ይመጣለታል ማለት ነው። ሁለተኛውን ልጅ የሚያገኘው አካባቢው ካሳየው ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጅ ስስታም ነው ብለው አይዘኑ፤ ዕድሜው ነው።

«አንተ ትልቅ ነህ፣ ተውለት» ማለት ምን ክፋት አለው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ እኔም ታላቅ ስለሆንኩ ይሆናል። ታላቅ ልጅ ቀድሞ ልወለድ ብሎ አልጠየቀም። ድሮ ታናናሾቹ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብለው ሲጠሩት ሸክሙን የሚያቀልለት ክብር ነበረው። አሁን በብዙ ቤት ክብሩ ጠፍቶ ሸክሙ ብቻ ቀርቷል። ትንሹም ቢሆን የሚማረው ነገር አለ፦ ማልቀስ ያዋጣል። ከማልቀሱ በፊት እናቱ መኖሯን ዞር ብሎ የሚያረጋግጥ የሁለት ዓመት ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታላቋ ሴት ከሆነች ደግሞ ድርብ ነው። «አንቺ ሴት ነሽ፣ ቻይው» ትባላለች፤ እሱ ኳስ ይዞ ሲወጣ እሷ የቡናውን ስኒ ታጥባለች። በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ፍትሕ የሚነገር ምክር ሁሉ አየር ላይ ይቀራል።

ታላቁ እንዲተው ከፈለጉ ይጠይቁት፦ «ዛሬ ልትተውለት ትችላለህ?» «አልችልም» ቢል የማይቆጡ ከሆነ ብቻ ነው ይህ ጥያቄ የሚባለው።

በግድ «ይቅርታ በይ» ልበላት?

አይበሏት። ጥርስ ተነክሶ የወጣ ይቅርታ ለተበዳዩም አይጥመውም። በባህላችን እርቅ ካሳ አለው፤ የልጆችም ይኑረው። የፈረሰውን አብሮ መገንባት፣ የተቀደደውን ደብተር በማጣበቂያ መጠገን፣ ለተመታው እጅ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማምጣት። ቃሉ ከሥራው በኋላ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመጣል። ካልመጣም ጨርቁ መጥቷል።

ካሳውን ተበዳዩ ቢመርጥ ጥሩ ነው፤ ልክ ግን ያበጁለት። አንዴ ትንሹ ልጄ ለአንድ ጥፊ «ለዘላለም አልጋዋን ትስጠኝ» ብሎ ነበር።

መታው። እኔም ብመታው አይማርም?

ይማራል፤ የሚማረው ትልቅ ሰው ትንሹን መምታት እንደሚችል ነው። ነገ ታናሹ ላይ ይሞክረዋል። «ሰው አይመታም!» እያሉ በኩርኩም መምታት ለእኛ ካልሆነ ለልጅ አይገባውም። ቁንጥጫውም ያው ነው። በበርበሬ ማጠን ደግሞ ቅጣት ሳይሆን የልጅን መተንፈሻ መጉዳት ነው፤ በዚህ ላይ ማንም ቢያኮርፈኝ አልመለስም። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አስተማሪ በክፍሏ የተከለከለችውን እናት በቤቷ ብትፈጽመው ለልጁ ቆዳ ልዩነት የለውም።

የሚማታውን ልጅ እጁን ይዘው፣ ቁመትዎን ወደ እሱ ዝቅ አድርገው፣ በዝግታ «እጅህን ይዤዋለሁ፤ እንድትመታ አልፈቅድልህም» ይበሉት። ከዚያ በፊት ግን ወደ ተመታው ይሂዱ። የሚማታው ቀድሞ ትኩረት ካገኘ ነገ ይደግመዋል።

አራስ ከሆንኩ ወዲህ የአራት ዓመት ልጄ ተለወጠብኝ። ሕፃኑን ቆነጠጠው።

እስቲ በእሱ ዓይን ይዩት። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ሁሉም ገንፎ ሊበላ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ይመጣል፤ ሁሉም እሱን አልፎ ወደ አልጋው ያያል። አንዲት ዘመድ ጭራሽ «ከእንግዲህ ተረሳህ!» ብላ ትቀልድበታለች። ይህ ቀልድ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ክርስትና እስኪነሣ ባሉት ቀናት፣ ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ፣ ለትልቁ ሥራ ይስጡት፦ ጨርቅ ማቀበል፣ እንግዳ ሲመጣ ሕፃኑን «ወንድሜ ነው» ብሎ ማስተዋወቅ። ሕፃኑ ሲተኛ ሩብ ሰዓት ለእሱ ብቻ ይሁን። መቆንጠጡን ይከልክሉ፤ መቅናቱን ግን አይከልክሉ። «ሕፃኑ ሲመጣ እኔ ካንተ ጋር መቆየት ቀነስኩ፤ ከፋህ አይደል?» ሲሉት አንገቱን ነቅንቆ ጭንዎ ላይ ይወጣል።

አያታቸው ወንዱን ያበልጣሉ። ምን ብዬ ልናገራቸው?

በልጆቹ ፊት አይናገሩ፤ በወቀሳም አይጀምሩ። አንዲት ወዳጄ አማቷ በገበታ ሁልጊዜ ቀድመው የሚያጎርሱት ወንዱን ነበር። ቡና ላይ፣ ሁለተኛው ስኒ ሲደርስ እንዲህ አለቻቸው፦ «እናቴ፣ ከእጅዎ የወጣ ጉርሻ ለልጆቹ ከምንም ይበልጥባቸዋል። ትንሿ ትናንት አፏን ከፍታ ስትጠብቅ አይቻት አንጀቴን በላችው።» አማትየው ምንም አልመለሱም። በማግስቱ ሁለቱንም አጎረሱ፤ ለትንሿ ደገሙላትና «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ፣ ሐሳቡ ከመጀመሪያው የራሳቸው እንደነበረ ሁሉ። ወዳጄም እንዲያ እንዲመስል ተወችው።

ሮጦ መጥቶ ይነግረኛል። አሳባቂ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «የምትነግረኝ ሰው እንዳይጎዳ ነው ወይስ እህትህ እንድትቀጣ?» የአምስት ዓመት ልጅ ልዩነቱን ያውቀዋል። ጉዳት ካለ አመስግነው ይሩጡ። ካልሆነ «ለእሷ ነገርካት?» ብለው ይመልሱት። አሳባቂ ብለው ስም አያውጡለት፤ አንድ ቀን በእርግጥ ሊነግርዎ የሚገባው ከባድ ነገር ሲያጋጥመው ያ ስም አፉን ይዘጋዋል።

ሁሉም ጠብ በስልክ ምክንያት ነው።

ስልኩ የእርስዎ ነው። ለልጆቹ ተራ ከማውጣት ይልቅ ከቀኑ አንድ የታወቀ ሰዓት ይስጡትና አብረው ይዩት፤ ከዚያ ይነሣ። በዚህ ጉዳይ ረጅም ሽምግልና አልመክርም። መብራት በጠፋ ማታ ቤታችን ሰላም የሚሆነው ለምን እንደሆነ እያሰብኩበት ነው።

መካፈልንና ተራ መጠበቅን የሚያስተምር ጨዋታ አለ?

መደብር መሄድ አያስፈልግም። ገበጣ ተራም ቆጠራም ያስተምራል፤ ሰሌዳ ባይኖር መሬት ላይ ጉድጓድ ይማሳል፣ ጠጠር ይለቀማል። በእቃቃ ጨዋታ ማን እናት፣ ማን ልጅ እንደሚሆን ሲደራደሩ መስማት ብቻውን ትምህርት ነው፤ ለእኛም ጭምር። «ተረት ተረት» ሲሉ ጅብና ቀበሮ ያገኙትን ሊካፈሉ ሲደርሱ ያቁሙና «እናንተ ብትሆኑ እንዴት ታካፍሏቸው ነበር?» ይበሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የቡሄን ያህል አላየሁም። ነሐሴ 13 ሲቃረብ ልጆች ዱላ ይዘው በየደጁ «ሆያ ሆዬ» ይላሉ፤ ማታ የተሰበሰበውን ሙልሙልና ገንዘብ ያለ ማንም አዋቂ ይካፈላሉ። ባለፈው ዓመት ልጄን እንዴት እንደተካፈሉ ጠየቅሁት። አውራጁ ጉሮሮው ስለተዘጋ አንድ ሙልሙል ተጨመረለት። ከረጢት ተሸካሚው ምንም ባይዘፍንም እኩል ወሰደ። ዝናብ ሲመጣ ሸሽቶ ሄዶ መጨረሻ ላይ የተመለሰው ልጅ ግማሽ አገኘ፤ በዚህ ላይ ብዙ ክርክር ነበር። የተቆረሰውን ዳቦ የተካፈሉት ደግሞ አንዱ ቆርሶ ሌላው እንዲመርጥ በማድረግ ነው፤ ይህን ከአገዳው አምጥቶት እንደሆነ ጠየቅሁት፣ «ሁሉም ያውቀዋል» አለኝ። ሴቶቹም በእንቁጣጣሽ «አበባየሆሽ» ብለው ሲመለሱ ያው ነው። ሲመለሱ «ስንት አገኛችሁ?» ከማለት «እንዴት ተካፈላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ይሰማሉ።

«እህትህን አይተህ ተማር» ብል ይነቃቃል?

እህቱን ይጠላል።

ባለሙያ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ጠብ ሁለት ወገን አለው። ሁልጊዜ አንዱ ብቻ የሚጎዳ ከሆነ፣ ከወንድሙ ጋር ብቻውን መቅረት ከፈራ፣ ሽንት መቆጣጠር ጀምሮ ከነበረ በኋላ ሌሊት መሽናት ከጀመረ፣ ወይም የሚማታው ልጅ እንስሳንና ሰውን ሆን ብሎ እየጎዳ ምንም የማይሰማው ከሆነ ይህ የልጅ ጠብ አይባልም። በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ አስፈላጊ ሲሆን እዚህ ባሕር ዳር እንደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ወዳሉ ሆስፒታሎች ሊልኩዎ ይችላሉ። ልጁን «እብድ ነህ ብለው ወሰዱኝ» እንዲል በሚያደርግ ቃል አይውሰዱት።

ይህን ሁሉ ብሞክር ለውጡ መቼ ይታያል?

እኔ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ የባሱ ነበሩ፤ ሽምግልና ተገኘ ብለው ለእያንዳንዱ ቁራጭ ወረቀት ሊከሱ ይመጡ ነበር። ከወር በላይ ቆይቶ አንድ እሑድ ከማጀት ሆኜ ለመጨረሻዋ ማንጎ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ልወጣ ተነሥቼ ነበር፤ «መጀመሪያ አንቺ ተናገሪ» ሲል ስሰማ ተመለስኩ። ዝም አለ። ከዚያ ሹክሹክታ። ከዚያ ሳቅ።

ስወጣ እሷ የማንጎውን ሥጋ በሙሉ በሳህን ይዛለች፤ እሱ ፍሬውን ብቻ ይዞ ይመጠምጣል፣ ጭማቂው በክርኑ ይወርዳል። ይህማ ፍትሕ አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። ቀና ብሎ አየኝና «እማዬ፣ ፍሬውን እኮ ነው የወሰድኩት!» አለኝ፣ እህቱ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።